አየሩ የወጣለት ጣሳ

ሉባንጎ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የቤታችን ከፍተኛ ሸንጎ፣ ከረጅም ምክክር በኋላ፣ ይህን እንዳስታውቅሽ አዞኛል፦ ጥቁሯ ዶሮ የወታደር ባርኔጣዬን ወርሳ ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋበታለች። ሽምግልና ልከን ነበር፤ አልተሳካም። አያትሽ ከዶሮዋ ጋር ወግናለች።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ዓይንሽ፣ እጅሽ፣ ጣቶችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው ደህና ነን። ጣቶችሽን የጠየቅሁት በከንቱ አይደለም።

ደብዳቤሽ ዘጠኝ ቀን መንገድ ላይ ቆይቶ ዛሬ ደረሰኝ። የከባዱ መኪና የኋላ ፍሬን አየር ያፈሳል፣ አለቃሽም ቅዳሜ የፍሬኑን ጣሳ ፈትተሽ ላስቲኩን ቀይሪ ብሎሻል፤ የጣሳውን ሞላ ማሰሪያ ቡሎኑ ግን ጠፍቷል። ልጄ፣ ቅዳሜ እኮ አልፏል። ካምፓችሁ ስልክ የለውም። ምን ላድርግ? ያለፈውን ቅዳሜ እንዳላለፈ ቆጥሬ ልጻፍልሽ።

ጣሳው ውስጥ ሞላ አለ። የሞላው ሐሳብ ሁልጊዜ ጎማውን መያዝ ነው፤ ገፍቶ የሚያስታግሠው አየሩ ነው። አየር ካለ መኪናው ይሄዳል፤ አየር ካለቀ ሞላው ተለቆ ቀጥ ያደርገዋል። እኔም የፉንጄ ገንፎዬን ካልበላሁ እንዲሁ ነኝ። እኛ መካኒኮች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አየሩ ሲወጣ ጣሳው የሞተ ይመስለናል። ሞላው ግን ያኔም ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀም፤ ተጨምቆ ይጠብቃል። በቡሎን ስበሽ ሳታስሪው የክዳኑን ቀለበት ከፈታሽ፣ ክዳኑ የመድፍ ጥይት ነው።

አባትሽ ሳፓሎ እንዲህ ነው ከዚህ ዓለም የሄደው። መኪኖቹ ወደ ግንባር ሊወጡ ተሰልፈዋል። እሱ ቡሎኑ ይፈለግ አለ። ሃምሳ አለቃው ግን ሳቀበት። «አየሩ ወጥቷል እኮ፤ አንተ ደግሞ ጣሳ ትፈራለህ? የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ፍታው» አለው። አባትሽ ታላቁን እምቢ ማለት አያውቅም ነበር። አንቺም የእሱ ልጅ ነሽ።

ቡሎን ልኬልሻለሁ። ሃያ አራት ዓመት ሳጥኔ ውስጥ ዘይት እየቀባሁ ያኖርኩት ነው። የስንቅ መኪናው ሹፌር ኤርኔሽቶ በር ላይ ቆሞ፣ «አባባ፣ ለልጅ ልጅ ወርቅ ይላካል እንጂ ብረት ይላካል?» እያለ ያሾፍብኛል። ስንት ቀን ይፈጅብሃል ብለው አራት አለኝ።

መልስ አትጻፊልኝ። ሁለቱን እጆችሽን ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ዙሪያቸውን አስምሪና ላኪልኝ፤ አሥሩንም ልቁጠር።

እጅሽን የሠራው አምላክ እጅሽን ይጠብቅ። ከብረት በፊት ይድረስልሽ።

ባርኔጣ አልባው አያትሽ

ይድረስ ብዬ ካጠፍኩት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። ዶሮዋ እውነት ናት። የፈጠርኩት ሃምሳ አለቃውን ነው፤ ቃሉን አይደለም። ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ ከአባትሽና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።