የናቲ ድምፅ በሬዲዮ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ዛሬ እማዬን ቱክዊላ ከተማ ወዳለው ሥራዋ ላደርሳት መኪናውን ሳስነሳ ሬዲዮው አብሮ ተከፈተ። የወንድሜ የናቲ ቡድን ዘፈን ነበር! እዚሁ ሰፈራችን ስካይዌይ፣ አፓርታማችን ላውንድሪ ሩም፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነው የጀመሩት ራፕ ይኸው ሬዲዮ ላይ ወጣ። ናቲ ግን ይህን ሳያይ ከሞተ አምስት ወሩ ነው።

የዘፈኑ የመጀመሪያ ቨርስ፣ መግቢያው ግጥም፣ የእሱ ነው። ቤት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ «እሺ እማ» ከማለት በቀር ድምፁ የማይሰማ ልጅ፣ እዚያ ላይ ይጮኻል።

እማዬ ከል ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ እኛ ዘንድ ዘፈን አይከፈትም።

«አንቺ ልጅ፣ ሐዘን ላይ አይደለንም እንዴ?» ብላ እጇን ሰደደችና ዘጋችው።

«ኦኬ እማ፣ ሶሪ» አልኳት።

የልጇን ድምፅ አላወቀችውም። ልንገራት፣ አልንገራት ስል ቱክዊላ ደረስን።