ዝናቡን ተከትዬ ሐረና ድረስ

ግርምዬ፣

«ዘንድሮ ዝናቡ ሁሉ ባሌ ሄዷል» አለ መቀሌ ሓወልቲ አጠገብ ካፌ በረንዳ ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ፣ በስልክ ሲያወራ። ዝናብ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው በየቀኑ አይገኝም። ማኪያቶዬን ጨርሼ ቤት ገባሁና ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ።

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገብቷል። እንደምን አለህ አልልህም፤ መመለሻ መንገድ የሌለውን ሰው መጠየቅ ማስቸገር ነው። እኛ ደህና ነን። ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውን ማን እንደሚያወጣው አሁንም አልታወቀም። በርሜሉም ባልዲዎቹም እንደተውካቸው ናቸው። ሳሎን የሰቀልከው የዓለም ካርታ ግን ፀሐይ መቶት ኮንጎ ቢጫ ሆናለች፣ አማዞንም በረሃ ለመሆን ትንሽ ቀርቶታል። በአንድ መስኮት ምክንያት ያን ሁሉ ደን ጨረስን።

ይሄን በአማርኛ የምጽፍልህ ያለ ምክንያት አይደለም። አንተ ከደሴ ጂኦግራፊ ልታስተምር መጥተህ፣ እኔ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ይዤ ተገናኘን። ትግርኛህ ለገበያ እንጂ ለክርክር በቅቶህ አያውቅም፤ ጭቅጭቃችን ሁሉ በአማርኛ ነበር። የመጨረሻውም በአማርኛ ይሁን ብዬ ነው።

የትኛው ክርክር እንደሆነ ታውቀዋለህ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ዝናብ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቆይቶ ነው የሚደርሰው፤ ከዛፉ ሥር የተቀመጠ ሰው ጠብታ ሳይነካው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል ትል ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጬ ዝናቡን አገኘሁት፣ ሻዩን ግን አጣሁት። አጥብቄ ስይዝህ ሻዩ የራስህ ስሌት መሆኑን አመንክ። ደን ረግጦ የማያውቅ ሰው ስሌት። እኔም ዝናብ ዝናብ ነው፣ ከመጣ ያረጥባል እንዳልኩ ቀረሁ። ሌሎች ባልና ሚስት በዘመድ ይጣላሉ፤ እኛ በየክረምቱ በሻይ።

ሄደን እንየው ተባባልን። ሻንጣ ባዘጋጀንበት ዓመት መንገዱም በረራውም ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ አንተ አልጠበቅህም። ክርክሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ማናችን ልክ እንደነበርን ሳላውቅ አንተን ተከትዬ ብመጣ፣ እዚያም ከጀመርንበት እንደምንቀጥል ስለማውቅ ሄጄ ልየው አልኩ።

ባዶ ጀሪካን ይዤ ነው የተነሳሁት። ውሃ ወዳለበት አገር ባዶ እጅ አይኬድም፤ መቀሌ ያደገ ሰው ይሄን ማንም አያስተምረውም። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ያለችው ልጅ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ኣደይ፣ ወዴት ነው አለችኝ። ባሌ አልኳት። ባሌ ውሃ የለም እንዴ አለች። አለ እንጂ፣ ለዚህ እኮ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችበትና አሳለፈችኝ። የእኛው ከተማ ልጅ ናት።

አዲስ አበባ ላይ ፍረወይኒ ተቀበለችኝ። ልጅህ ጀሪካኑን ስታይ ያንተን ፊት አመጣችው፤ ቅንድቡ ይወጣል፣ አፉ ግን ምንም አይልም። ከጎባ በላይ ሳነቴ አምባ ላይ ስንወጣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ የጅብራው ተክል እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። ቀይ ቀበሮ አየን። እሷ አላየችንም፣ ሥራ ላይ ነበረች። ከዚያ አምባው ድንገት አለቀና መንገዱ እየተጠማዘዘ ጉም ውስጥ ገባ። ከጉሙ ስንወጣ ሐረና ውስጥ ነን።

ግርምዬ፣ አረንጓዴ መሆኑን ነግረኸን ነበር፤ ስንት ዓይነት አረንጓዴ እንደሆነ ግን አልነገርከንም። ግንዱ ሳሎናችንን የሚያክል ዛፍ አለ። ዛፉ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሏል፣ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ፤ እዚያም ቦታ ማግኘት እንደ መቀሌ ሳይከብድ አልቀረም። ከፍ ብሎ ቅርንጫፍ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ እንዴት እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ። ዛፎቹ ሁሉ ከቅርንጫፋቸው የሚንጠለጠል ረጅም ግራጫ ጢም አላቸው። ልቤ እንደ ልጅ ይዘል ነበር። እማ ቀስ በይ፣ ያንሸራትታል ትላለች ፍረወይኒ፤ እኔ ግን ከሁሉም ፊት ነኝ፣ ጀሪካኑ ጎኔን እየመታ። አንዲት ጦጣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተከትላ ጀሪካኑን ስትመረምር ቆየችና ከፍተሻዋ ልጅ ፈጥና ተወችን።

ያስጎበኘን ከድር የሚባል የዚያው አገር ሰው ነው። ጉሙ በዛፎቹ ጢም ላይ እየተጠራቀመ በደረቅ ቀንም ይንጠባጠባል፣ እኛ ይሄን ዝናብ አንለውም አለን። ሰምቼ አለፍኩት። የመጣሁት ለዋናው ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ምሳችንን ጨርሰን ነበር። ከሩቅ ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና መሰለኝ። ከዚያ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ ከራሳችን በላይ ደኑ በሙሉ መጮህ ጀመረ። ብድግ አልኩ። የምሳ ሳህኖቹን በፍጥነት ጠራርጌ ውሃ እንዲቀበሉ ደረደርኳቸው፤ የድስቱን ክዳን ገለበጥኩ፣ ጀሪካኑን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ውሃ መሬት ላይ ሊፈስ ሲል እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም፤ ታውቀኛለህ። ከዚያ ፔርሙዙን አወጣሁና ባንተ ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ብርጭቆህን በፎጣ ጠቅልዬ ይዤው ነበር።

ከድር «እማማ፣ ይሄ እኮ ነፋስ…» ብሎ ጀመረ። አንተ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ጣቴን አነሳሁበት። ፍረወይኒ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ላዩ ይጮሃል፣ ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፣ እኔ ጋ ጠብ የሚል የለም። ሻዬን ፉት እያልኩ ጠበቅኩ። ብርጭቆው እስኪያልቅ ጠብታ አልነካኝም። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ግን ግንባሬ ላይ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ አረፈች። በኋላም ሌላ፣ አንገቴ ላይ።

በዚህ ዕድሜዬ ጫካ መሀል ቆሜ ስምህን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ፍረወይኒ መጥታ አቀፈችኝ፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁትም፣ እኔም የራሴን አልለየሁም።

ስለዚህ በጽሑፍ ይኸውልህ፦ ልክ ነበርክ። ሻዩንም ጨምሮ። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ከኔ ቃል አይወጣም።

ካርታውን ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ አዛውረዋለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ባልዲ ከማውጣቴ በፊት ላንተ ብዬ አንድ ብርጭቆ ሻይ እቀዳለሁ። ከመቀሌ ሴት ከዚህ የከበደ ቃል ኪዳን አይጠበቅም። እስካለሁ አልረሳህም።

ሳህኖቹን እኔው ነኝ የሰበሰብኳቸው። ሁሉም ደረቅ ነበሩ።