ዶሮ አርቢዋን ንግሥት አደረጓት

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 14፣ ከሥራ መልስ
አንሶላ። አሁንም አንሶላ። የሲታክ ኤርፖርት ሆቴል እንግዳ አንሶላ ላይ የሚያደርገው ይዘገንናል። ደግነቱ ላውንድሪው ውስጥ ሱኒታ አለች፣ ኔፓላዊቷ። ዛሬ እያጠፍን ስለ አገሯ ስቱፓ አወራችኝ፤ ቡድሂስቶች ቅዱስ ዐፅም አኑረው እየዞሩ የሚጸልዩበት ነጭ ጉልላት ነው። ያሠራችው ድሃ ዶሮ አርቢ ናት አሉ። ንጉሡን መሬት ለመነች፤ የአንድ ቆዳ ስፋት ፈቀደላት። ቆዳውን እንደ ክር ተልትላ ሰፊ መሬት ከበበችበት! መኳንንቱ ተቆጡ፤ ንጉሡ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም አለ። ድርቅ ስለነበር ጭቃውን ያቦኩት በጨርቅ በሰበሰቡት ጤዛ ነው። ሳትጨርስ ሞተች፤ ልጆቿ ፈጸሙት። ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ያለች ሴት እወዳለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 17
ኖርዝጌት፣ እህቴ ቤት። ባሏ ጋሼ ጌታሁን ዩቲዩብ ላይ «ታሪክ» ይሠራል፤ አንባቢው እኔ። የስቱፓውን ነገር ነግሬው ጻፈው። ሱኒታ እንዳለችው አነበብኩለት። ቀረጸ።

እሑድ፣ ኦክቶ. 19
ቪዲዮው ወጣ። ዶሮ አርቢዋ የለችም፤ «ከአክሱም የሄደች ንግሥት» ሆናለች። ማስረጃው ስቱፓው ላይ የተሳሉት ትልልቅ ዓይኖች፤ የቤ/ክ ሥዕሎቻችን ዓይን ነው ይላል። ያላልኩትን፣ በእኔው ድምፅ! ደወልኩ። ኤአይ ድምፅሽን አስመስሎ ነው ያሟላልኝ አለ፣ ሳያፍር። «ሶ ምን ችግር አለው? ዶሮ አርቢ ማን ያያል?» አጥፋው ስለው አገርሽን ትጠያለሽ አለኝ። እህቴ ከኋላ ትስቃለች። እንትፍ። ከእንግዲህ «ጋሼ» አልለውም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 21
ሱኒታ እየሳቀች መጣች። ቪዲዮውን አግኝታዋለች። አማርኛ አትችልም፤ ስቱፓዋንና ድምፄን ነው የለየችው። ጓደኛዬ ታሪካችንን ነገረችልን ብላ ካትማንዱ ላሉ አክስቶቿ ሁሉ ሼር አድርጋለች። አቀፈችኝ። ቅዳሜ ማውንትሌክ ቴራስ፣ እናቷ ቤት ምሳ ተጠርቻለሁ፤ ቪዲዮውን ለእናቴ ትተረጉሚላታለሽ አለች። ድምፄን ጠላሁት።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 24፣ ጧት
እህቴ ደወለች፤ የምሳውን ጥሪ ነግሬያት ነበር። ለባዕድ ብለሽ ቤቴን አታበጣብጪ አለች። ተርጉሚ ሲሉሽ ራሷ ሱኒታ የነገረችሽን መልሰሽ ንገሪያቸው፣ ማን ያውቃል? እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም። ይኸው ነው የሚቀፈኝ፤ እንዲህ መቅለሉ።

ነገ እሄዳለሁ። ቪዲዮውን እናትየው ፊት ከፍቼ ቃል በቃል እተረጉማለሁ፤ ንግሥቲቱንም አክሱምንም። ከምሳው በፊት። ከበላሁማ አልናገርም፤ ራሴን አውቃለሁ።