ምሰሶ የሌለው ቤት

ውድ አባዬ፤

ይህን ደብዳቤ ቀደህ ከመጣልህ በፊት መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው። ስልኬን አታነሳም። ወንድሜም "ስምሽ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል" ብሎኛል፤ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማታ በእጅህ እንዲያስረክብህ የለመንኩት እሱን ነው። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግን መናፈሻው ውስጥ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ስምህ መነሳቱ አይቀርም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ትልቁ ቤት ትናንት ተደረመሰ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ የምሥራቁ ወገን ነው። ሰው አልተጎዳም። "አለቃዬ" የምትላት ልጄም ደህና ናት፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፣ እሱንም ለመጣ ለሄደው እያሳየች ትኮራበታለች። ልብህ እንዳይደነግጥ ይህን አስቀድሜ ነገርኩህ። የቀረውን ቀስ ብለህ አንብበው፣ ምክንያቱም የቀረው ስለ እኔ ነው።

የባህል መንደሩን ሰው ከረሳው ቆይቷል፣ አንተም ታውቃለህ። ሰው ትኬቱን ቆርጦ ሲገባ በቀጥታ ወደ ሽክርክሪቱና ወደ ባቡሩ ይሮጣል። አንተ የሠራሃቸው የሸክላ ሠሪዋ፣ የሸማኔው፣ የአንጥረኛውና የወፍጮው ቤቶች፣ መሀላቸው የቆመው ትልቁ ቤትም ጭምር፣ የዝናብ መጠለያ ሆነው ቀርተው ነበር። ከዚያ ያ የካርቱን ፊልም መጣ፤ ከሸክላ ሠሪዋ እሳት ውስጥ ስለወጣችው፣ ድስት ስለምታክለው የሸክላ ዝሆን የሚናገረው። አለቃህ ስንት ጊዜ አስቀምጣ እንዳሳየችህ አንተው ታውቃለህ። "ይቺ ዝሆን ዛሬም አልሰለቸቻትም?" እያልክ ታጉረመርማለህ፣ መጨረሻ ላይ ዝሆኗ ስትሰነጠቅ ግን አፍንጫህን በመሐረብ ስትጠርግ አይቼሃለሁ። ጉንፋን ነው ብለኸኝ ነበር።

መናፈሻው መንደሩን እንዳለ የዝሆኗ መንደር አድርጎ እንደ አዲስ ሊሠራው ሲወስን ሥራውን እንድመራ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የትኬት መሸጫና የመጸዳጃ ቤት ምልክት ስነድፍ የኖርኩት እኔ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ይሁን በታክሲ እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ችግሩ ያንተ ምሰሶ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ትልቁ ቤት ምሰሶ የለውም፤ ዝሆኗ የምትጨፍረው መሀል ወለሉ ላይ ነው። የፊልሙ ኩባንያ ተወካይ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አብርታ "ልጆቹ ገና ሲገቡ የሚፈልጉት ይህን ባዶ ወለል ነው፤ ምሰሶው መነሳት አለበት" አለች። ሥዕል ላይ ያለ ቤት ምሰሶ ኖረው አልኖረው አይወድቅም። ይህን ያኔ ጮክ ብዬ ብናገረው ምን ነበረበት?

መሐንዲሱ የድሮውን ካርታ አወጣ። ታስታውሰዋለህ፣ ምሳ ጋብዤው ቤት የመጣው፣ ጭቃ ላይ ሲሄድ እንኳ ጫማው የማይቆሽሸው ልጅ ነው። ሲያሰላ ሰንብቶ "ጭነቱን በብረት አግዳሚ አድርገን ወደ ምሥራቁና ወደ ምዕራቡ ግድግዳ እናዞረዋለን፤ የሁለቱም መሠረት ጠንካራ ነው" አለ። በካርታው መሠረት ልክ ነበር። ስሌቱ ላይ አንዲት ስህተት አልነበረችም።

ካርታው ግን ውሸት ነው። ቤቱ በእውነት በምን እንደቆመ በዓለም ላይ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነበርን።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቱንቢ እንድይዝልህ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። የምሥራቁን መሠረት ስትቆፍር ወገብህ ጋ ሳትደርስ ውሃ ወጣ። የያኔው የግንባታ ኃላፊ መጥቶ ከላይ ሆኖ አየና "ምረቃው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ድፈነውና ቀጥል" ብሎህ ሄደ። አንተ ደፈንከው፤ ግን እንዳለህ አልቀጠልክም። የምሥራቁን ግድግዳ ቀለል አድርገህ ሠራኸው፣ የጣሪያውን ጭነት ሁሉ በወፍራም ወራጅ ስበህ መሀሉ ምሰሶ ላይ አሳረፍከው። "ግድግዳው ለዓይን ነው፤ ቤቱን የያዘው ይሄ ነው" ብለህ ምሰሶውን በጣትህ አንጓ አንኳኳህልኝ። ቀጥለህ ጎንበስ ብለህ ጆሮዬ ላይ "ለማንም እንዳትነግሪ። ከካርታ ወጣ ብለው ያባርሩኛል" አልከኝ። "አባዬ ይሙት" ብዬ ማልኩልህ።

ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ከወለሉ ሥር ድንጋይ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ እንደ ልማድህ በእርሳስ የሆነ ነገር ጻፍክ። በሠራኸው ሁሉ ላይ፣ በበር መቃን ውስጥ፣ በመሳቢያ ጀርባ፣ ሰው በማያየው ቦታ ትጽፍ ነበር። "ለሚያፈርሰው አናጺ ነው፤ የሚያፈርስ ሰው የሚያፈርሰውን ማወቅ አለበት" ትል ነበር። ያን ቀን ምን እንደጻፍክ አላየሁም፤ በቱንቢው ገመድ እየተጫወትኩ ነበር።

አሁን ወደዚያ ምሳ ልመለስ። መሐንዲሱ ስለ ብረት አግዳሚው ሲያወራ ማንኪያህን አስቀመጥክና "ምሰሶውን አትንኩ" አልክ። እሱ በትህትና ሳቅ ብሎ "አባባ፣ ሁሉም ተሰልቷል እኮ" አለህ። አንተ እሱን አላየኸውም፣ እኔን ነው ያየኸኝ። አንቺ ተናገሪ የሚል ዓይን ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አባዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል" አልኩህ። "አንቺ ሥዕል ነው የምትሠሪው፤ እኔ የሠራሁት ቤት ነው" ብለህ ከገበታው ተነሳህ። በሳምንቱ ልብስህን ጠቅልለህ ወንድሜ ጋ ገባህ።

ዝም ያልኩት መሐላዬን ለመጠበቅ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። ብናገር ሥራው ይቆማል፣ አፈሩ ይመረመራል፣ ዓመት ያልፋል፣ የፊልሙ ሰዎች ዝሆናቸውን ይዘው ሌላ መናፈሻ ይሄዳሉ፣ እኔም ወደ መጸዳጃ ቤት ምልክቴ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ አስቤ "እስከ ዛሬ መሬቱ ደርቆ ይሆናል" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ያንተ ምስጢር መደበቂያዬ ሆነ።

ምሰሶውን ከሥሩ ያጠበቀውን ሽብልቅ አውልቆ በወጉ ማንሳት ሁለት ቀን ይፈጃል ተባለና በመጋዝ ቆረጡት፣ ከላይም ከወለሉም ላይ። እኔ ስብሰባ አለብኝ ብዬ በቦታው አልነበርኩም። ስብሰባ አልነበረኝም፤ ቢሮዬን ዘግቼ ቁጭ ብዬ ነበር።

ትናንት የሙከራ ቀን ነበር። የሠራተኛው ቤተሰብ ተጋብዞ ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ትልቁ ቤት ውስጥ ነበሩ። የዝሆኗን ልብስ የለበሰችው ጨፋሪ መሀል ወለሉ ላይ፣ ልጆቹ በዙሪያዋ፣ ተወካይዋ ከፎቶ አንሺዋ ጋር ጥግ ላይ። ለእኔ ያስታወቀኝ በሩ ነው። በትንሽ ጣት ሲገፉት ራሱ ሄዶ የሚዘጋው የምሥራቁ በር፣ አንዷ እናት ልትዘጋው ስትል ወለሉን ፋቀ። ጠዋት ደህና ነበር። ሄጄ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከሙዚቃው ሥር፣ ሰው ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ቀና ስል ትከሻዬ ላይ ዱቄት የመሰለ አቧራ ወርዶብኛል።

ብጮህ ስልሳ ልጅ በአንድ በር ላይ ይደራረባል። ልጆቹን ገፋ ገፋ እያደረግኩ ወደ ዝሆኗ ሄድኩና አፌን ትልቁ የጨርቅ ጆሮዋ ውስጥ ከተትኩ።

"ልጆቹን አስከትለሽ በምዕራቡ በር ውጪ። እየጨፈርሽ። እንዳትሮጪ፣ እንዳትቆሚ።"

"ገና ሁለተኛው ዘፈን ነው እኮ!"

"እህቴ፣ በእናትሽ ሞት ውጪ!"

ድምፄ ውስጥ ምን እንደሰማች አላውቅም፤ ኩምቢዋን እያወዛወዘች ዞረች። ልጆቹ ጨርቋን ይዘው ተከተሏት። ተወካይዋ "ምን እየሆነ ነው? ፎቶው አላለቀም!" ስትል ክንዷን ይዤ ከሰልፉ ጋር አስወጣኋት። ደጅ ላይ ቆሜ የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። የመጨረሻው ወጣ። አለቃህ የለችም።

አባዬ፣ ያኔ የተሰማኝን ልጽፍልህ አልችልም። ከዚያ ጋኑ ትዝ አለኝ። ዝሆኗ የምትወለድበት ብለን በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ያስቀመጥነው ትልቅ ጋን አለ፤ እኔው ራሴ የነደፍኩት። ተመልሼ ገባሁ። ከኋላዬ "ተመለሺ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ የጫማ ኮቴ። መሐንዲሱ ነበር፤ እየጮኸም ይከተለኛል።

ጋኑ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ብብቷን ይዤ ስጎትታት ግንባሯ ከጋኑ አፍ ጋር ተጋጨ። "እማዬ ተይኝ፣ ገና አልተወለደችም!" እያለች ትታገለኛለች። መሐንዲሱ እግሯን ያዘና ሁለታችን እንደ ጆንያ ተሸክመናት ሮጥን። ደጁን አልፈን ጥቂት እንደተራመድን ግድግዳው እንደደከመው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፤ ወዲያው ጣሪያው ተከተለው። አቧራው ሲገለጥ ጋኑ የነበረበት ቦታ ላይ የብረቱ አግዳሚ ተጋድሟል። መሐንዲሱ ነጭ ሆኖ ቆሞ ጫማውን ያያል። እኔ ልጄን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራን። አፈሩን ቆፍረው ውሃውን አግኝተውታል። "ስሌቱ ልክ ነው፤ ያሳሳተን ካርታው ነው። ጥፋቱ ከካርታ ወጥቶ የሠራው የድሮው አናጺ ነው። ነገ ሪፖርቱ እንዲህ ተብሎ ይጸድቃል" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባትሽ በመሆናቸው አዝናለሁ፤ አንቺን ግን አይነካሽም" አለኝ። መሐንዲሱ አንገቱን ደፍቶ "አትንኩ ብለውኝ ነበር፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም" ብሎ አጉተመተመ። እኔ አሁንም ዝም አልኩ።

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ፍርስራሹ ሄድኩ። ድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ጉቶ በመሮ ፈልፍዬ አወጣሁትና አናጺ ቤት ወስጄ አቧራውን ጠረግኩለት። ጽሑፍህ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፦

"ምሥራቁ ውሃ አለው። ግድግዳውን አትመኑ። ጭነቱ ሁሉ በዚህ ምሰሶ ላይ ነው፤ ሳታስደግፉ አታንሱ። ከካርታ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያየች፦ ልጄ።"

ሽብልቁን አውልቀን በወጉ አንስተነው ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እናነበው ነበር።

ሁሉንም ልንገርህ ብያለሁና ይህንንም ስማ። አናጺ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መላጊያ ነበር። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ሁለት ጊዜ ገፋ ባደርግባት ትጠፋለች። ማስጠንቀቂያህ ይቀራል፣ ያንተም ስም ይጸዳል፣ የእኔም አይነሳም። ሁለታችንም እንድናለን። መላጊያውን አንስቼ እንጨቱ ላይ አሳረፍኩት። ክብደቱ እስካሁን መዳፌ ላይ አለ። ለማንም እንዳትነግሪ ብለህ ያስማልከኝ አንተ፣ እዚያው ምሰሶ ላይ ምስክር አድርገህ እንደጻፍከኝ ሳስብ ግን እጄ እምቢ አለኝ። መላጊያውን መልሼ አስቀመጥኩት።

አንተም ጥፋት አለብህ፤ ይህንም ሳልነግርህ አላልፍም። እዚያ ምሳ ላይ አንዲት ቃል ብትጨምር፣ "ውሃ አለ" ብትል ይበቃ ነበር። አንተ እኔን ጠበቅክ፣ እኔ አንተን ተደገፍኩ፣ መሀል ላይ አለቃህ ጋን ውስጥ ተቀመጠች። ተቆጥቼሃለሁ። ናፍቀኸኛልም።

ነገ ጉቶውን ይዤ እገባለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ ያልከኝን እናገራለሁ፣ አውቄ ዝም ማለቴንም እናገራለሁ። ከሥራ ያባርሩኝ፣ ይክሰሱኝ፣ አላውቅም። መሐላዬን በማፍረሴ ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅርታ የምጠይቅህ ቀድሜ ባለማፍረሴ ነው።

መምጣት ከፈለግህ በሠራተኞች በር ግባ፣ ዘበኛው ያውቅሃል። ከጎኔ አንድ ወንበር እይዝልሃለሁ። ካልመጣህ ጉቶውን አስቀምጥበታለሁ፤ ያንተን ድርሻ እሱ ይናገራል፣ የእኔን እኔ።

ያየችው፣
ልጅህ