ልጡ የተላጠው ማንጎ

ጥር 17፣ ከምሳ በኋላ

አርባ አንደኛው ወረቀት። 10ኛ «ለ» ክፍል። አንገቴ ደርቋል፤ ቀዩ እስክሪብቶም ሊያልቅ ነው። ጥያቄ 6፦ የአንድ ዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን እንደ ቀለበት ቢላጥ ዛፉ ምን ይሆናል? አብዛኞቹ የሚገባውን ጽፈዋል። ሰሚራ ኢድሪስ ግን እንዲህ ብላለች፦ «ምንም አይሆንም። ቤታችን ሞክሬዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሞላው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው።»

ዜሮ ሰጠኋት። ሌላ ሦስት ወረቀት ካረምሁ በኋላ ነው ድንግጥ ያልሁት። ቤታችን ሞክሬዋለሁ? ምኑ ላይ?

በታኅሣሥ ት/ቤት ግቢ ውስጥ አንዲት ቀጭን የዘይቱን ቅርንጫፍ ልጬ አሳይቻቸው ነበር። ቅርንጫፍ እንጂ ግንድ አይደለም። ቤታችሁ እንዳትሞክሩ ብያቸዋለሁ? አንተን መዋሸት አይሆንልኝም፣ ማስታወሻዬ። አላልሁም።

ጥር 18፣ 10፡30

ሰሚራን ቤተ ሙከራ ውስጥ ለብቻዋ አነጋገርኋት። ማንጎ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ያለው አንድ ዛፍ እሱ ብቻ። ግንዱን፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብላ፣ ሁለት ጣት ስፋት፣ ዙሪያውን እስከ እንጨቱ ድረስ። በአባቷ መሮ። አባቷ ሐጂ ኢድሪስ ሐይቁ ዳር የእንጨት ጀልባ ይሠራሉ። ግንዱ ላይ ሳንቃ ስለሚደገፍ እስካሁን አላዩትም።

ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። መጽሐፉ መሳሳቱን ልታስረዳኝ ነበር የመጣች።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኋት። ውኃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣ በእንጨቱ ነው፤ እንጨቱን አልነካሽውም፤ ቅጠሉ ውኃ ያገኛል፤ አረንጓዴነቱ ለዚህ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ የሠራው ስኳር ግን ወደ ሥር የሚወርድ በልጡ በኩል ነው። እሱን ቆርጠሽዋል። ሥሩ አሁን ያጠራቀመውን ነው የሚበላ። ያ ሲያልቅ ሥሩ ይሞታል። ሥሩ ከሞተ ውኃ የሚስብ የለም፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠወልጋል።

ሥሩ እየተራበ ነው ማለት ነው? አለች። አዎ አልሁ።

 ከዚያ እጄን ይዛ ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ አለች። ከትምህርት ያስወጡኛል። ድሮም በግድ ነው የላኩኝ።

አልነግርም አላልሁም። እነግራለሁም አላልሁ። ፈሪ።

ጥር 20

ተማሪ ልጠይቅ ብዬ ሄድሁ። ግቢው ከሐይቁ በሃያ እርምጃ። ግማሹ የተሠራ ጀልባ ተደግፎ ቆሟል። ሐጂ ኢድሪስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ። ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ከታከሙ ወዲህ ፀሐይ አይችሉም፤ ሐኪሙ ከጥላ አይውጡ ብሏቸዋል። ሥራቸውን ሁሉ ከማንጎው ሥር አድርገዋል። ጣውላውም ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። ግቢው ውስጥ ሌላ ጥላ የለም።

ማንጎው አብቧል። እንዲህ ያበበ ማንጎ አይቼ አላውቅም፤ ከቅጠሉ አበባው በዝቷል።

«መምህርት፣ አዩልኝ?» አሉ ወደ ላይ እየጠቆሙ። «እንደ ዘንድሮ አብባ አታውቅም። አላህ ባርኳታል።»

ለምን እንዳበበች ዐውቃለሁ። መውረጃ ያጣው ስኳር ከላይ ተከማችቶ ነው። ሰሚራ ከቤቱ ደጃፍ ታየኛለች። አሳ አቀረቡልኝ። በላሁ። አመሰገንሁ። ወጣሁ።

ከሳንቃው ጀርባ አጎንብሼ ያየሁትን ልጻፈው፦ ከቀለበቱ በላይ ያለው ቅርፊት እንደ ከንፈር አብጧል። ከታች ያለው ጭምድድ ብሏል።



ጥር 22፣ ከሰዓት

ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው። ከግቢው ችግኝ ጣቢያ ጋሽ ሙሉን አገኘሁ፤ ማንጎ ሲያዳቅል ጸጉሩ የሸበተ ሰው። የራሴ ዛፍ ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ሁሉንም ነገርሁት።

ድልድይ ይሠራለታል አለ። ከዛፉ ራሱ እርሳስ የሚያህል ቀንበጥ ይቆረጣል። አንዱ ጫፍ ከቀለበቱ በታች፣ ሌላው ከቀለበቱ በላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ይሰካል። የቀንበጡ ልጥ ከዛፉ ልጥ ጋር ከተጣበቀ ስኳሩ በዚያ ይወርዳል። ላዩና ታቹ እንዳይገለበጥ። እንዳይደርቅ በላስቲክ መጠቅለል። አራት ሳምንት መጠበቅ።

ይይዛል? አልሁት። አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ከዘገየ ግን ምኑም አይይዝ። ደግሞ አበባው ይርገፍ አለ፤ አንድ ሳይቀር። ፍሬ ከያዘ ያለችውን አቅም እሱ ይጨርሳታል። ቅርንጫፉም ይቀነስ።

አበባው ይርገፍ! ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም። አባትየው ሳያውቁ አይሆንም።

ጥር 23

ለሰሚራ መጀመሪያ ነገርኋት። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ አብረሽኝ ቁሚ አልኋት። አለቀሰች። ቆመች ግን።

ሐጂ ኢድሪስ ሳንቃ እየላጉ ነበር። ተናገርሁ። መላጊያቸውን አስቀመጡ። ሳንቃዎቹን ራሳቸው አንድ በአንድ አነሱ። ተንበረከኩ፤ ጣታቸውን ቀለበቱ ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን ዞሩ። እሳቸው ሲዞሩ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ገበሬ መሬት ሲመነጥር ዋርካውን እንዲህ ነው የሚገድለው» አሉ። «ቀለበት ያበጅለትና ትቶት ይሄዳል። ይሄን ለማወቅ ት/ቤት አያስፈልግም።»

ጣታቸውን ከቀለበቱ ሳያነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲያስተምሯት እንደሚገድል አልነገሯትም?»

«ነግሬያታለሁ። አላመነችም። ቤትሽ እንዳትሞክሪ ግን አላልኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሐጂ።»

«ጥፋቱ ለሁለታችሁም ይበቃል።»

ስለ ድልድዩ ነገርኋቸው። ስለ አበባውም። ቀና ብለው አበባውን አዩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሰውየው ይምጣ አሉ። ሰሚራን አላዩዋትም። አልተቆጧትም፤ ቃል አልወጣቸውም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

ጥር 25

ሰባት ድልድይ። ጋሽ ሙሉ ሁለቱን ሠርቶ አሳየ። ሦስተኛው ላይ ሐጂ ኢድሪስ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበሉት። ሲጠርቡት፣ ሲሰኩት፣ ለክተው ሲያወጡት፣ እንደገና ሲጠርቡት አየሁ። ሳንቃ ከሳንቃ ሲያጋጥም የኖረ እጅ ነው። ጋሽ ሙሉ ቢላዋውን መልሶ አልጠየቀም።

ሰሚራ ዛፉ ላይ ወጥታ አበባውን ታረግፋለች። ግቢው በፈዛዛ ቢጫ ብናኝ ተሸፈነ። ቅርንጫፉ ሲንቋቋ አባቷ ቀና አሉ፤ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

እኔ ላስቲክ እቆርጣለሁ። ሌላ ምን ልሥራ?

የካቲት 4

ሁለቱ ድልድዮች ጠቁረዋል። ስነካቸው ደረቅ ቀርከሃ ይመስላሉ። አምስት ቀሩ። በምዕራብ በኩል ያለው ቅጠል ቀለሙ ለቋል፤ ገና ቢጫ አይደለም፤ ግን ለቋል። ወይስ ፍርሃቴ ነው የሚያሳየኝ?

ቅርንጫፉ ስለተቀነሰ ጥላው ሳስቷል። ሐጂ ኢድሪስ ኬሻ ወጥረው ይሠራሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ሦስት ጊዜ አቋርጠው ቤት ገቡ። ጀልባው ባለበት ቆሟል።

ከመምህራን አንዷ በሳቅ ጠየቀችኝ፦ በተማሪ የሰው ዛፍ አስገደልሽ የሚባለው እውነት ነው? ዳይሬክተሩ ዘንድ ሊደርስ ነው።

የካቲት 11፣ ጠዋት

ሰሚራ አራት ቀን ቀርታለች። ሄድሁ።

ከሐይቁ በጀሪካን ውኃ ትቀዳለች። መዳፏ ተልጧል። ዛፏ የምትሆነው እስኪታወቅ ከሥሯ አትለዪም ብለዋታል አባቷ፤ ያውም በእናቷ በኩል አስነግረው። አሁንም በቀጥታ አያናግሯትም።

ተናደድሁ። ቃሌን ጊዜ ወስጄ አልመረጥሁትም፤ ወጣኝ። ውኃ ቢበዛባት የተራበው ሥር ይበሰብሳል፣ ሐጂ! ሥሩ የራበው ውኃ አይደለም! ልጂቱን ከትምህርት ማስቀረት ለዛፏ ምን ይፈይዳል?

«የጀመረችውን ትጨርስ» አሉ።

«ሌላም የጀመረችው አለ። እሱንስ ማን ይጨርስላት?»

 ጀሪካኑን ከሰሚራ እጅ ተቀብለው ከአጥሩ ሥር አስቀመጡት። ያ መልስ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ነገ ት/ቤት ትመጣለች ብዬ አልተማመንሁም።

የካቲት 12

አልመጣችም።

የካቲት 15

አልመጣችም። የምዕራቡ ቅርንጫፍ ጠወለገ አሉ። በስልክ እናቷ ናት የነገረችኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ቅጠል ቀዳዳዎች ማስተማር ጀመርሁ፤ በመሐል ጠፋኝ።  ክ/ጊዜው ሳያልቅ ወጣሁ።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ጋሽ ሙሉን ይዤ ሄድሁ። 

ላስቲኩን ፈታ። ከቀሩት አምስት አንዷ ሞታለች። አራቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረጋቸው። አረንጓዴ። ርጥብ። የአንዷ መጋጠሚያ ላይ አዲስ ሥጋ እንደ ጠባሳ አብጦ ሁለቱን ልጥ አያይዟል። በጥፍሩ ሊያነሳው ሞከረ። አልተነሳም።

ይዛለች አለ። ግማሿ። በምዕራብ በኩል ያለው ደርቋል፤ ይቆረጥ። ክረምቱን ካለፈች ትኖራለች። ካላለፈች የለችም፤ አልዋሻችሁም አለ።

ሐጂ ኢድሪስ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ፦

«ሰሚራ!»

ከወር በኋላ ስሟን ጠሯት። ልጂቱ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ነይ እንጂ። መጋዙን ያዥልኝ።»

የደረቀውን ቅርንጫፍ አብረው ቆረጡት። ሲጨርሱ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ዛፏ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

«መምህርት፣ ያን ቀን ጣቴን ሳዞር ምን እንዳገኘሁ ልንገርዎ? የቀለበቱ መጀመሪያና መጨረሻ ገጥሟል። በጭፍን፣ አጎንብሳ፣ ባልተሳለ መሮ። ወንዶቹ ልጆቼ ዐሥር ዓመት አስተምሬያቸው እንዲህ አይቆርጡም። በዚያ ቁጣዬ ላይ ይሄን ማየቴ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።»

ሰኞ ትመጣለች አሉ። ቅዳሜና እሁድ ግን የእሳቸው ናት፤ ጀልባው ላይ። ሰሚራ ሰማች። ሳቋን ለመደበቅ መጋዙን መጥረግ ጀመረች።

እኔም ቆርጫለሁ። ሰኞ ከሰልፍ በፊት ዳይሬክተሩ ቢሮ እገባለሁ። ሌላ ሰው ሳይነግረው ከእኔ ይስማ፦ ምን እንዳሳየኋቸው፣ ምን ሳልናገር እንደቀረሁ። የሚለውን ይበል።