መጋረጃ ሰፊ ናት ያልኩ ዕለት

ውድ እትዬ፣

ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ደውዬ እንዳልነግርሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል።

ባለፈው ሐሙስ የማስተምርበት ክፍል መጥተሽ ከኋላ ተቀመጥሽ። "አንድ ቀን ስታስተምር ልይህ" እያልሽኝ ስንት ዓመት በሰበብ እንዳሳለፍኩሽ ሁለታችንም እናውቃለን። የዕለቱ ትምህርት በድሮ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልቦለዶች ውስጥ ስላለው ተምሳሌት ነበር። የደኸየች ባልቴት ድህነቷን ከጎረቤት ስትደብቅ የሚተርከውን ያንን የእንግሊዝ ልቦለድ ይዤ ነበር።

"ባልቴቷ መስኮት ላይ የተሰቀለው ቀዩ መጋረጃ የምን ተምሳሌት ነው?" ብዬ ተማሪዎቹን ጠየቅኩ። አንዱ የፍቅር አለ፣ ሌላው የደም። እኔም "ቀለሙን ተዉት፤ ፊቱ ወዴት እንደዞረ እዩ" አልኩ። "ከቤት ውስጥ የሚታየው ገበሩና ስፌቱ ነው። ያማረው ወደ መንገድ ዞሯል። ባልቴቷ ውበቱን ለአላፊ አግዳሚ ሰጥታ ግልባጩን እያየች ትኖራለች።"

አንዲት ተማሪ "መምህር፣ ይሄን እንዴት ደረሱበት?" አለችኝ።

"ደጋግሞ በማንበብ" አልኳት።

አንቺ አንገትሽን ደፋሽ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ያንን መጽሐፍ እየተረጎምኩ አነብልሽ ነበር፤ አንቺ ስፌት መኪናሽ ላይ ሆነሽ። መጋረጃው ጋ ስደርስ እግርሽን ከመርገጫው አነሳሽ። "ቆይ፣ ከውስጥ የሚታየው ገበሩ ነው ይላል?"

"አዎ፣ ምነው?"

"እንግዲያው ገልብጣ ነው የሰቀለችው። እንዲህ የሚያሰፋ ሰው ለቤቱ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው የሚያሰፋው። ምስኪን፣ እሷማ ስፌት ስታይ ነው የምትውለው።"

ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥሽው እኔ እንድማር ብለሽ ነው። እኔ ያላየሁትን አንቺ አየሽ፤ እኔ ደግሞ በማግስቱ የራሴ አድርጌ ጻፍኩት። በዚያ ጽሑፍ ተሸለምኩ፣ በዚያው ተቀጠርኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሁሽም።

ይሄ ሳያንስ፣ ስንወጣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በር ላይ አገኘን። "እንግዳ አለህ እንዴ?" ብሎ እጁን ሊዘረጋልሽ ሲል፣ እኔ ቀሚስሽ ላይ የተጣበቀውን የክር ቁራጭ አየሁ።

"መጋረጃ ሰፊ ናት" አልኩ። "ልትለካ መጥታ ነው።"

"እህቱ ነኝ" ማለት ይበቃሽ ነበር። አንቺ ግን ከቦርሳሽ ሜትር አውጥተሽ ወደ ክፍሉ ተመለስሽ፤ ወንበር ላይ ወጥተሽ መስኮቱን ለካሽ። "ሁለት ከአርባ በአንድ ከስልሳ" አልሽ። ኃላፊው ጻፈው። ስትወርጂ እጄን ዘረጋሁልሽ፤ አልያዝሽውም።

"ደህና ይዋሉ፣ መምህር" ብለሽኝ ሄድሽ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝን እኔን አንቱ አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሐሳቡ የእህቴ እንደሆነ፣ እህቴም ሐሙስ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት እንደሆነች ተናገርኩ። ያቺው ተማሪ "ታዲያ ለምን በማንበብ አሉን?" አለችኝ። ጥያቄዋ የክፋት አልነበረም።

"በእሷ ስለማፍር" አልኩ። እንደዚያ ብዬ ለራሴም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ለእሱም ነገርኩት። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ንገራት" አለኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ካልከፈትሽልኝ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶችሽ ማን ነው ብለው ቢጠይቁሽ፣ የማላውቀው ሰው ነው በያቸው፤ አልቀየምሽም።

ታናሽ ወንድምሽ