የዓሦቹን ሞት አልፈርምም

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? እማዬስ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ያልበረደልኝ ንዴቴ ነው።

ባለፈው እሁድ «ፈርሚና ሥራሽን ያዢ፣ ለዓሣ ብለሽ ከሰው አትጣዪ» ስትዪኝ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁብሽ። ይቅርታ አልጠይቅሽም። ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ።

በማጸዳው የጥርስ ክሊኒክ፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ወለሉ ልስልስ አሸዋ ነው። ስድስት ጢማም ትንንሽ ዓሦች ነበሩበት፤ ተሰብስበው አሸዋውን እየማሱ ፍርፋሪ ሲለቅሙ ይውላሉ። ጥርሱን ሊነቀል የመጣው ሁሉ እነሱን እያየ ፍርሃቱን ይረሳ ነበር። የማበላቸውም ውሃ የምቀይረውም እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓመት አንድም አልሞተብኝም።

ሐኪሙ አንድ ቀን «ድምቀት የለውም» ብሎ ተነሣ። ቀይና ሰማያዊ የተሰባበረ ጠጠር አሸዋው ላይ ገለበጠበት። መዳፍ የሚያህል ባለ መስመር ዓሣም ጨመረ። «ዶክተር፣ ጠጠሩ ስለታም ነው፣ ጢማቸውን ይቆርጠዋል፤ ይሄኛውም አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል» አልኩት። «አንቺ ወለልሽን ጥረጊ» አለኝ፣ ያውም እየሳቀ!

ጢማቸው ቆሰለ፣ መብላት አቃታቸው፣ አንድ በአንድ አለቁ። ትንሿን ያ ባለ መስመር ሆዳም ዋጣት። ከዚያ ሐኪሙ እንድፈርምበት ያጻፈው ወረቀት ጠበቀኝ፦ ጽዳት ሠራተኛዋ የሳሙና ባልዲ ገንዳው ውስጥ ስለነከረች ዓሦቹ ሞተዋል ይላል። ሳሙና ከሆነ ሆዳሙ እንዴት ተረፈ?

ትናንት ደግሞ ሐኪሙ ዐይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። ሰው ሁሉ ዓሦቹ የት ሄዱ እያለ ቢያስቸግረው፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ለአሸዋው የሚስማማውን ዓሣ ምረጪልን» አይለኝም! ምርጫውንማ አውቀዋለሁ። ጠጠሩ ይውጣ፣ ሆዳሙ ለሻጩ ይመለስ። ከሥር ጢማሞቹ፣ ግን ከስድስት አያንሱ። ከላይ ማንንም የማይነኩ ደቃቅ ዓሦች፣ አሸዋውን የሚያገላብጡ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችም። ይህን ላንቺ ነገርኩሽ እንጂ ለእሱ አልነገርኩትም። «መጀመሪያ ወረቀቱን ይቅደዱት» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ፤ እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ቁልፍ ታስረክቢያለሽ» አለኝ።

ዓርብ ነገ ነው። ቁልፉን አስረክባለሁ። የጻፍኩልሽ ፍቀጂልኝ ለማለት አይደለም።

ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለባልሽም ሰላም በይልኝ፤ «ትፈርም» ያለው እሱ መሆኑን ባውቅም። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን እንዳትረሺው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚና፣ ወሬው በሌላ አፍ ሳይደርሳት አንቺ ንገሪያት፦ ልጅሽ ሥራ የለቀቀችው ያልገደለችውን ገደልኩ አልልም ብላ ነው በያት።

ታናሽ እህትሽ
ከክሊኒኩ የዕቃ ክፍል፣ ሐሙስ ኅዳር ፲፬ ቀን